የሐዋሳን ሐይቅ የምትጠብቀው ዳገት ላይ ናት

በየዓመቱ የአካባቢ ቀን ሲደርስ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ በሰው ይሞላል። ጓንትና ጆንያ ይታደላል። ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የባጃጅ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ሃይላንድና ፌስታል ይለቅማል። ደስ የሚል ነገር ነው። እኔም እሄዳለሁ፤ ልጆቼንም ይዤ እሄዳለሁ። ግን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ሐይቁ አዙረን ነው የምንለቅመው። የሐይቁ ዕጣ የሚወሰነው ግን ከጀርባችን፣ ከጥቁር ውሃ ወንዝ ማዶ፣ ወንዶ ገነት ዳገት ላይ ነው።

ይህን ለማለት ባለሙያ መሆን አላስፈለገኝም። እዚሁ ሐዋሳ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። የምሸጠው ዓሣ ነው፤ ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ሾርባ። ከጎኑ ቆጮና ዳጣ ይቀርባል። ዓሣው ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ይመጣል። ቆጮው የሚመጣው ከአማቴ ጓሮ፣ ከወንዶ ገነት ነው። የውሃው መነሻም መድረሻም እኔ ጋ አንድ ሳህን ላይ ይገናኛሉ። ለዚህ ነው ነገሩን ችላ ማለት የማልችለው።

መጀመሪያ ስለ ሐይቁ ትንሽ ልበል። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። የዝዋይ ውሃ በቡልቡላ ወንዝ አድርጎ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። የእኛው ሐይቅ ግን የገባለትን ይዞ ይቀመጣል። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 22 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስለት ወንዝ አንድ ብቻ ነው፤ ጥቁር ውሃ። መውጫ የሌለው ሐይቅ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ይሆናል። የእኛው ግን ውሃው ከሥር ወደ መሬት እየሰረገ ስለሚወጣ ጨዋማ አልሆነም። ትልቅ ጸጋ ነው። ችግሩ፣ ውሃው ይሰርጋል እንጂ ደለሉ አይሰርግም። ፌስታሉም አይሰርግም። ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣው ማዳበሪያም ከነመዘዙ እዚያው ይቀራል።

ከጥቁር ውሃ በላይ ጨለለቃ የሚባል ሌላ ሐይቅ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ገደማ ወደ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋ ነበር። ዛሬ የዚህ ከተማ ወጣት ስሙን ሲሰማ ረግረግ ነው የሚታየው። ልክ ነው፤ ከብት የሚግጥበት ረግረግ ሆኗል። ከተራራው የሚወርደውን አፈር መጀመሪያ የሚቀበለው ጨለለቃ ነበር። ዓመት ከዓመት ሲቀበል ኖሮ ሞላ። ረግረጉ ዛሬም የቻለውን ያህል ያጣራልናል፤ የሚያልፈው አፈር ግን በቀጥታ እኛ ጋ ነው የሚመጣው። ማታ ማታ የምንናፈስበት የሐይቁ ዳር መንገድ ራሱ የጎርፍ መከላከያ ነው። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ከተማው ሲመጣ የነበረውን ጭንቀት የዚያን ጊዜ ሰዎች ያስታውሱታል።

አሁን ወደ ዓሣው ልምጣ። እኔ የበለጠ የማውቀው እሱን ነው።

አሞራ ገደል በጠዋት ስትደርሱ ጀልባዎቹ ዳር ይዘው ታገኛላችሁ። መረብ ይዘረገፋል። ወጣቶቹ ቆዳውን ገፈው ፊሌቶውን በደቂቃ ያወጡታል። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች አጠገባችሁ ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። አንዱ ጥሬውን በዳጣ ይበላል፣ ሌላው ሾርባውን ይጠጣል። በየዛፉ ላይ ጉሬዛ አለ። እንደዚህ ያለ ገበያ የትም አይገኝም ብዬ አምናለሁ።

ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ፣ ቲላፒያ ማለት ነው፣ እንዴት እንደምትራባ ያየሁት እዚያ ነው። አንድ አጥማጅ አንዷን አነሳና አገጯን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ከአፏ እንቁላል ተንጠባጠበ። ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ቢጫ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ትንሽ ከፍ የሚል፣ ብዙ። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን የምታስፈለፍለው አፏ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እስኪጠነክሩ ድረስ ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። እንግዲህ አንዲት እናት መረብ ውስጥ ስትገባ አፏ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሯት ይሄዳል። እንቁላሉ ጣውላው ላይ ፈሶ ሲቀር ሳይ አንጀቴ ተላወሰ።

ወንዱ ደግሞ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው ዳር፣ ደንገሉና ቄጠማው አካባቢ ነው። በገመድ ወደ ዳር የሚጎተተው መረብ የሚያልፈው በዚያው ላይ ነው። ከዳገቱ የመጣው ደለልም ዳር ዳሩን ነው ቶሎ የሚያርፈው። ላይ የተነቀለ እንሰትና ታች የጠፋ የዓሣ ጎጆ አንድ ታሪክ ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ጾም አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የዓሣ ዋጋ ጣሪያ ይነካል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወው፤ ገበያው ግን ይበላል ብሎ ወስኗል። ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ትራባለች፤ በብዛት ከምትራባባቸው ወራት ግን ከጥር እስከ መጋቢት ያሉት ይገኙበታል። ጾሙም በአብዛኛው እዚያው ላይ ይገጥማል። በጣም የምንፈልጋትና በጣም ልንተዋት የሚገባን ጊዜ አንድ ላይ ይመጣል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 315 ነው። ስለ ፈቃድም ስለ ማጥመጃ መሣሪያም ይናገራል። አዋጁ ጥሩ ነው። ግን ሌሊት ውሃው ላይ ያለው ልጅ ነው እንጂ አዋጁ አይደለም። ልጁ ደግሞ የቤት ኪራይ አለበት።

ከአንዱ ጋር በዚህ ነገር ተነጋግረናል። ጣት ጣት የሚያካክሉ ዓሦች ይዞ መጣና አልወስድም አልኩት።

«እትዬ፣ ትንሹን አንቺ ካልወሰድሽው ሌላው ይወስደዋል» አለኝ።

«እሱስ ልክ ነህ። ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ለምን አትይዝም?»

«በምን ገንዘብ? ይሄ ላስቲኩ እኮ ርካሽ ነው። ቢቀደድ እጥለዋለሁ።»

እውነቱን ነው። ጠባብ ዓይን ያለው የላስቲክ መረብ ርካሽ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ሲጣልም ውሃው ውስጥ ይቀርና ማንም ሳይጎትተው ዓሣ ሲይዝ ይኖራል። ልጁን መስበክ ይቻላል። ስብከት ግን መረብ አይገዛም። ስለዚህ እኔና ዓሣ የሚሸጡ ሁለት ጎረቤቶቼ ተመካከርንና ቀብድ ሰጠነው። በቀብዱ ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ገዛ። ቀብዱን በዓሣ እየቀነስን እናወራርዳለን። በዋጋው ላይም ትንሽ ጨምረንለታል፤ በምላሹ ከመዳፍ ያነሰ ዓሣ አያመጣልንም። ጓደኞቹ መጀመሪያ ሳቁበት። አሁን ከመካከላቸው ሌላም ቀብድ ጠይቆናል። ጥያቄውን የተቀበልነው በደስታ ነው፤ ገንዘቡን ለማግኘት ግን የእቁብ ተራ መጠበቅ አለብን።

ደንበኞቼ ዋጋው ለምን ጨመረ ብለው ይጠይቁኛል። እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ ተነስቶ ይሄዳል። የሚቀረው ይበልጣል።

ወደ ዳገቱ እንውጣ።

የአማቴ ጓሮ ሰፊ አይደለም። ቤቱን ከብቦ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው በላይ ዋንዛና ብሳና። ክረምት ሄዳችሁ እዩት። ዶፍ ይወርዳል፤ ቅጠሉ ይቀበለዋል፤ መሬቱ ላይ የሚደርሰው ጠብታ ነው። ከጓሮው የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ተዳፋት ባዶ ሆኖ ስለሚታረስ ከዚያ የሚወርደው ቀይ ነው። ሁለቱ ውሃዎች መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ሲቀላቀሉ ቆሜ አይቻለሁ። የቦዩ ውሃ በጥቁር ውሃ አድርጎ መድረሻው የት እንደሆነ ነግሬአችኋለሁ።

እንሰት ሞኝ ሰብል አይደለም። በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርበታል። ዝናብ ቢዘገይ ቶሎ አይደነግጥም። ሲፈልጉት ይነሳል፤ ካልፈለጉት ይቆያል። ግን ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ሥራውም ከባድ ነው። አማቴና የሰፈሩ ሴቶች ሲፍቁ ያየ ሰው ቆጮን ርካሽ ምግብ ብሎ አይጠራም። ግንዱን ሳንቃ ላይ አጋድመው፣ በእግራቸው አንዱን ጫፍ ይዘው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይገፉታል። ሥጋው ይወርዳል፤ ቃጫው በእጃቸው ይቀራል። ጭማቂው ሲዘቅጥ ቡላ ይሆናል። የተፋቀው ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል። ከዚያ ሁሉ ምንም የሚጣል የለም። ቃጫው ገመድ ነው፤ ቅጠሉ መጠቅለያ ነው፤ የቀረው ለከብት ነው።

የአማቴ ጎረቤት እንሰቱን ነቅሎ ጫት ተክሏል። ሌላው ዳር ዳሩን ባህር ዛፍ አድርጎታል። አልፈርድባቸውም። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ገዢው በመኪና መጥቶ በእጅ ብር ይከፍላል። መስከረም ላይ ደብተርና ዩኒፎርም ሲጠየቅ እንሰት ጓሮ ውስጥ ቆሞ ብር አይሆንም። ነገር ግን በበጋ ለጫቱ ተብሎ ጅረቱ ይጠለፋል፤ ወደ ጥቁር ውሃ የሚወርደው ውሃ ይቀንሳል። እንሰቱ የያዘውን አፈርም የሚይዝ የለም።

አንድ ቀን አማቴን «እርስዎስ ለምን አልነቀሉትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እንሰቱን በእጃቸው እየዳበሱ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ልጆቼን ያሳደገ ነው» አሉኝ። ከዚያ ጥቂት ቆይተው «ግን የልጅ ልጆቼ ብር ነው የሚጠይቁኝ» አሉ። ሁለተኛው ንግግራቸው ነው ውስጤ የቀረው። እሳቸው ከወንዶ ገነት ሆነው ሐይቃችንን በነጻ እየጠበቁልን ነው። ሆቴሉ፣ ጀልባው፣ እኔም ጭምር ከሐይቁ እንበላለን። ለእሳቸው የሚከፍል የለም።

ስለዚህ ቆጮውን ከገበያ መግዛት ትቼ ከእሳቸውና ከአካባቢው ሴቶች በቀጥታ መውሰድ ጀመርኩ። ቀብዱን የምሰጠው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነው። ቆጮውን ቀስ በቀስ ዓመቱን ሙሉ እወስዳለሁ። ኮባውንም እገዛለሁ። የሚወሰድ ምግብ በኮባ እጠቀልላለሁ። ድፎ ዳቦ በኮባ የጋገረች እናት ያሳደገችው ሰው ሽታውን ያውቀዋል፤ ደንበኛ ይወደዋል። ስስ ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ሲጸድቅ ብዙ ነጋዴ በምን ልተካው ብሎ ተጨንቋል። እኛ አገር መልሱ ጓሮ ውስጥ ቆሟል። ጠዋት ተቆርጦ፣ በእሳት ለብለብ ተደርጎ ከለሰለሰ አይሰነጠቅም። መረቅ ያለበትን ምግብ ግን አይችልም፤ ለእሱ ሰው ዕቃውን ይዞ እንዲመጣ እለምናለሁ።

ቃጫው ላይ ገና ብዙ አልተሠራም። እዚህ ከተማ የእጅ ሥራ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፤ ቦርሳና ምንጣፍ ሊያወጡበት ይችላሉ። የዓሣው ተረፈ ምርትም እንደዚያው ነው። እኔ ጭንቅላቱን ለሾርባ አውለዋለሁ። አንጀቱንና ቆዳውን ዶሮ የምታረባ ጎረቤቴ ወስዳ ቀቅላ፣ አድርቃ፣ ፈጭታ ከመኖው ጋር ትቀላቅለዋለች። በእንቁላል ታወራርደኛለች። ሃይላንዱን ቆራሌው ይወስዳል።

ይህን ስናገር «እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ከተማ አያድግም፤ ፋብሪካ ነው የሚያሳድገው» የሚለኝ አለ። ፋብሪካ አልጠላም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመረቅ ተስፋ ካደረጉት አንዷ ነኝ። የተጠቀመበትን ውሃ ወደ ሐይቁ ሳይለቅ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ታስቦ መሠራቱም አኩርቶኛል። በአንድ ወቅት ከ30 ሺህ በላይ ሰው ይሠራበት ነበር፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል አስወጣች፤ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ያለ ቀረጥ መላክ ቀረ። ትልቁ ተከራይ ኩባንያም ቀድሞ ወጣ። ከሥራ የወጡ ልጆች አጠገቤ ቡና እያፈሉ ሲሸጡ አይቻለሁ። አንዷ ዛሬ እኔ ጋ ትሠራለች። ፓርኩ ይበርታ፤ እንጀራችን ሁሉ ግን ሩቅ አገር በሚፈረም ወረቀት ላይ መንጠልጠል የለበትም። ዓሣውን፣ እንሰቱን፣ ቡናውን፣ እንግዳውን የያዘው ኢኮኖሚ ውሳኔው እዚሁ ነው።

እዚሁ ስል ግን አንድ ክልል ብቻ ማለቴ አይደለም። ወደ ሐይቁ ውሃ የሚልከው መሬት ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሲዳማም አለበት፣ ኦሮሚያም አለበት። ጎርፍ የክልል ድንበር አይጠይቅም። ሐይቁን የሚጠብቅ ጉባኤ ከተባለ የሻሸመኔ በኩል ገበሬም፣ የወንዶ ገነቷ እንሰት ፋቂም፣ የአሞራ ገደል አጥማጅም፣ የሆቴል ባለቤትም አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ አለባቸው። ወንዶ ገነት ላይ ደን የሚያስተምር ኮሌጅ አለን። ሐዋሳ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለን። ዕውቀቱ አልጠፋም።

ባህሉም አልጠፋም። የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላን በ2015 በአውሮፓ አቆጣጠር ዩኔስኮ ሲመዘግበው፣ ሽማግሌዎች በበዓሉ ላይ ለሕዝቡ የሚሰጡት ምክር አብሮ ተጽፏል። ሥራ ውደዱ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አትስረቁ ይላሉ። አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡም ይላሉ። ዛፍን ከሐሰት ምስክርነት ጋር በአንድ ምክር ውስጥ ያስቀመጠ ሕዝብ ስለ አካባቢ ጥበቃ ከሩቅ የሚያስተምረው አያስፈልገውም። የጎደለው ምክሩን የሚጠብቅ ገንዘብ ነው።

ሐሳቤ ይኼ ነው። ከሐይቁ የሚበላ ሁሉ ጥቂት ያዋጣ። ጉማሬ ለማሳየት የሚወስደው ጀልባ ከትኬቱ፣ ሐይቁን የሚያይ ክፍል የሚያከራየው ሆቴል ከአልጋው፣ እኔ ከሳህኑ። ገንዘቡ ዳገቱ ላይ እንሰትና ዋንዛ ላቆየ፣ እርከን ለሠራ፣ የጅረት ዳር ሳያርስ ለተወ ገበሬ በመስከረም ይድረስ። በአረንጓዴ አሻራ የምንተክለው ችግኝም በዚህ ቢታገዝ፣ ተክሎ የሄደውን ሰው ሳይሆን ያጸደቀውን ሰው ብንከፍለው ውጤቱ ሌላ ይሆናል። ሒሳቡን በየዓመቱ ፍቅር ሐይቅ ላይ በትልቅ ሰሌዳ እንለጥፈው፤ ማን ስንት አዋጣ፣ ማን ስንት ተቀበለ። ሕዝቡ ያያል።

ለዚህ መመሪያ እስኪወጣ አልጠብቅም። ሁለቱ ጎረቤቶቼ ከመስቀል በኋላ አብረውኝ ወንዶ ገነት ይወጣሉ። ጎረቤትየውም፣ ጫት የተከለው ማለቴ ነው፣ ኑና እንነጋገር ብሏል። ከጫቱ ጎን የቀረችውን ቁራጭ መሬት መልሶ እንሰት ሊያደርጋት ያስባል፤ ግን እስኪደርስ ባሉት ዓመታት ምን እንደምንከፍለው ማወቅ ይፈልጋል። እኛ ኮባውን ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ እንገዛለን ብለናል። እሱ ከአንደኛው ይሁን ይላል። እዚያ ላይ ነው የቆምነው።